ሲታጠፍ ብቻ የሚያጉረመርም መኪና

ባለጋራዡ የሞተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠግነው በኖረ መኪና ሥር ነው። መርማሪዋ በማግስቱ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ክሪኩ ግን እንደወደቀ ነው፣ መኪናውም ሁለት ክንድ ያህል ወደ ፊት ሄዶ ቆሟል። ከፖሊስ ጣቢያ የደረሳት ወረቀት አጭር ነበር፦ «ልጅ ነዳጅ አብዝታ በመርገጧ አባቷ ሊሞት ችሏል።» ይህን የጻፈው ሰው ምሳ ሰዓት ደርሶበት መሆን አለበት።

ልጅቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ ጋር ስትሠራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ጥፍሮቿ ውስጥ የገባውን ግራሶ እንኳ አልታጠበችም።

«አባዬ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አነሣና ሥሩ ገባ» አለች። «‹አስነሺና አንደኛ ማርሽ አስገቢ፣ ድምፁን ላዳምጠው› አለኝ። አስገባሁ።»

«ነዳጅ ረገጥሽ?»

«አልረገጥኩም። አጎቴ ግን ረግጠሻል ይላል። ቆሞ እያየ ነበር። ረግጬ ይሆናል፣ እኔ እንጃ።»

«እናትሽስ ምን አለች?»

«ምንም። አንድ ቤት ነው ያለነው፤ ዓይኗን ግን ወደ እኔ አታዞርም።»

ይህን ስትል ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም። መታሰር ጉዳይዋ አልነበረም። የቀረቻት አንድ እናት ናት፤ እሷም ከባሏ ገዳይ ጋር የምትኖር መስሏታል።

የሟቹ ታናሽ ወንድም መርማሪዋን በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጋራዡ ውስጥ አብሮ ይሠራል፣ ለእንግዳም ለፖሊስም ወንበር የሚያቀርብ ትሑት ሰው።

«ወንድሜ እንዲህ ያለውን ሥራ ሺህ ጊዜ ሠርቶታል» አለ። «አንድ ጎማ ሲነሣ፣ የተነሣው ብቻውን በአየር ላይ ይሽከረከራል፤ መሬት ላይ ያለው ንቅንቅ አይልም። ልጅ ናት፣ ደንግጣ ረገጠችው። አልፈርድባትም።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ነዳጅ ቢበዛ የተነሣው ጎማ ይፈጥናል እንጂ መሬት ያለውን ምን ያንቀሳቅሰዋል? ጥያቄውን ለጊዜው ዋጥ አደረገችው።

የመኪናው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«ሲታጠፍ ብቻ ያጉረመርማል፣ ልጄ» አሏት። «ቀጥ ብዬ ስነዳ ዝም ነው። ባለጋራዡ የጎማው ኩሽኔታ ነው ብሎ ጠረጠረ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እሱ ዓይኑን ሊታከም ሄዶ፣ ወንድሙ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የዲፈረንሻሉን ዘይት ከቀየረልኝ ወዲህ። ለዘይት ቅያሪ አራት ቀን! አስተኝታችሁ ነው እንዴ የምታክሙት ብዬ ቀልጄበታለሁ።»

ከመንገዱ ማዶ ያለችው የመለዋወጫ ሻጭ ደግሞ ነገር አታስረዝምም። «ታናሽየው ያኔ የወሰደው ተራውን ዘጠና ቁጥር ዘይት ነው» አለች። «ወንድሙ በሞተበት ጠዋት ግን ሱቄን ስከፍት ቆሞ አገኘሁት። ይቺን ትንሽ ጠርሙስ ገዛ፤ ዘይቱ ላይ የምትጨመር ናት።»

«ለማንኛውም መኪና?»

«ኧረ ለጥቂቱ ነው። ተራ መኪና ላይ ማን ይጨምራታል?»

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናው ሁለቱም የኋላ ጎማዎቹ ተነሥተው በብረት ተደግፏል፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ማርሹም ነፃ ነው። እናትየው ከልጇ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«መምህር፣ የግራውን ጎማ በእጅዎ ወደ ፊት ያዙሩልኝ። የቀኙስ ወዴት ዞረ?»

«እሱም ወደ ፊት።»

«ተራ ዲፈረንሻል ቢሆን ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ይሄ ሊሚትድ ስሊፕ የሚሉት ነው፤ ውስጡ ሁለቱን ጎማዎች አብረው የሚይዙ ዲስኮች አሉት። አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢሆንም መሬት የያዘው ይገፋል። ነዳጅ ባይረገጥም መኪናው ከክሪኩ ይወርዳል።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ሟቹ ሃያ ዓመት የሚያውቀው ተራውን ነው። ስለዚህ እሱ በሌለበት፣ በእነዚያ አራት ቀናት ዲፈረንሻሉ ተቀይሯል። ይሄኛው ደግሞ የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ አለዚያ ያቺን ጠርሙስ። ተራ ዘይት ሲሞላበት ዲስኮቹ ይያያዙና ሲታጠፍ ያጉረመርማል። ቀጥ ሲል ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለሚዞሩ ዝም ይላል። ኩሽኔታ ቢሆን ቀጥ ሲልም ይጮህ ነበር። ጠርሙሷን የገዛ ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። ወንድምዎ ሥሩ ሲገባ ደግሞ ቆመው ያዩ ነበር።»

ወንድምየው ግንባሩን ጠረገ።

«ዘይቱን አፍስሼ፣ አዲሱን ሳልሞላ ለሙከራ ነዳሁት» አለ። «ረሳሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ዲፈረንሻሉ ተበላሸ። ከወዳደቀ መኪና ሌላ ፈትቼ ገጠምኩ። ወንድሜ አንድ ጥፋት ከደገምክ መኪና አትነካም ብሎኝ ነበር። ጠርሙሷን ሳያየኝ ልጨምር ስል ቀድሞኝ ሥሩ ገባ።»

«አንድ ጎማ ብቻ መነሣቱን አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ልናገር ስል መቀየሬ እንዳይታወቅ ፈርቼ ተውኩት። ምናልባት ክሪኩ ይችለዋል ብዬ ነው።»

«ከዚያ ‹ረገጠች› አሉ።»

«አልኩ።»

ልጅቷ ቀና አለች። «ስለዚህ እኔ አይደለሁም?»

«አይደለሽም።»

«አጎቴ» አለች፣ ሳትጮህ። «ሁለት ቀን ሙሉ አቅፈህ ‹ሳታውቂ ነው፣ የኔ ልጅ› ስትለኝ ነበር።»

ፖሊሱ የወንድምየውን ክንድ ይዞ አወጣው።

እናትየው ተነሥታ መጣችና ልጇ እግር ሥር ቁጭ አለች። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። አሁን ሲመጣ ግን ውስጧ ምንም አልተነቃነቀም፤ እንባ ፈልጋ አጣች።

«እሺ፣ እማዬ» አለች። «ተነሺ፣ ወለሉ ዘይት ነው።»