ፊርማ የጎደለው የምሥራች

የሬዲዮ ጣቢያው ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ስቱዲዮ ነው፤ ግድግዳው የውጭ ድምፅ እንዳያስገባ በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል። ሌላው ክፍል የቀረው ሁሉ ነው፤ ቢሮ፣ መጋዘን፣ ሻይ ማፍያ፣ የኩርፊያ ቦታ። የጣቢያው ድምፅ ከከተማው ዳርቻ ካለው ድልድይ አያልፍም። ከድልድዩ ማዶ ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ጣቢያ መኖሩን ሰምተው አያውቁም፤ የቀረባቸው ነገር ያለም አይመስላቸውም።

ከድልድዩ ወዲህ ያሉት ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ሥራቸውን ገታ ያደርጋሉ። አቅራቢዋ «የምሥራች!» ትልና አንድ ዜና ታነባለች። እንደገና «የምሥራች!» ትልና ሌላ ታነባለች። የወለደ፣ የተመረቀ፣ የታጨ፣ ከሕመሙ የዳነ፣ የጠፋ ውሻው የተመለሰለት። አሥር ደቂቃ ሙሉ የሰው ደስታ ነው። ፕሮግራሙ ይኸው ነው።

አንድ ሕግ አለው። በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰ ሰው ሁሉ ከታች መፈረም አለበት። ሕጉ የወጣው ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ዳቦዋን እንደጎረሰች መታጨቷን ከሬዲዮ ከሰማች በኋላ ነው። አጨኋት ያለው ሰው ለሬዲዮው ነግሮ ለእሷ መንገሩን ረስቶት ነበር። ሕጉን የሚያስከብሩት የጣቢያው ቴክኒሻን ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ከተማው ሁሉ «ጋሽ ፊርማ» የሚላቸው ሰው። ጠዋት ወደ ጣቢያው ከመውጣታቸው በፊት ደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ይከፍታሉ፤ የወረቀቶቹን ግርጌ ያያሉ፤ ፊርማ የጎደለውን «ያልተሟላ» የሚል የተለጠፈበት መሳቢያ ውስጥ ይከታሉ። ባለጉዳዩ ከመጣ ይፈርማል። ካልመጣ ደስታው እዚያው ይከርማል።

ሬዲዮ ጠጋኙ የመጀመሪያ ቀን ደረጃውን የወጣው በዚሁ ሕግ የተነሣ ነው። ሱቁ ከጣቢያው በታች ባለው መንገድ ላይ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ስለሚያምር የሰፈሩ ሰው የምሥራቹን የሚያጽፈው እሱን ነው። የልብስ ሰፊው ሚስት ሴት ልጅ ወልዳ ነበርና የእነሱ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተመልሶበታል።

«አባትየው ፈርሟል፣ እናትየው ፈርማለች» አለ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ጋሼ ግን ሕፃኗም ተጠቅሳለች አሉኝ።»

አቅራቢዋ ወረቀቱን ተቀበለችው። ከሁለቱ ፊርማዎች ቀጥሎ በማኅተም ቀለም የታተመች ከጣት እምብዛም የማትረዝም የእግር አሻራ አለች።

«እጇን አልሰጥም አለች» አለ ጠጋኙ። «ጨብጣ ይዛዋለች። እግሯን ነው ያገኘነው።»

ጋሽ ፊርማ መነጽራቸውን አድርገው አሻራውን መረመሩት። «ይሆናል» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሚያስቅ ነገር መኖሩን ያወቁ አይመስሉም። አቅራቢዋና ጠጋኙ ግን ተያዩ፤ ሁለቱም ሳቃቸውን ለመያዝ ከንፈራቸውን ነከሱ። የዚያን ቀን የሆነው ይህ ብቻ ነው። እራት ላይ ግን ብቻዋን ስትስቅ አባቷ «ምን ነካሽ?» ብለዋታል።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ደስታ በዛ። ቢያንስ ጠጋኙ በየሁለት ቀኑ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣ ጀመር። ሳጥኑ ደረጃው ሥር መሆኑን ጋሽ ፊርማ ሦስት ጊዜ ነግረውታል፤ ሦስቱንም ጊዜ አመስግኗቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አላት። ከእሷ በቀር ልብ ያለው የለም።

አንድ ቀን ሻይ ቀድታለት ተቀምጣ ሳለ እንዲህ አለችው፤

«እውነቱን ልንገርህ? እኔ የማነጋግረው ስፖንጅ ነው። የምሥራች እላለሁ፣ ዝም ነው። አባቴ እንኳ ጉድጓድ ውስጥ መጮህ ነው ይሉኛል።»

«ማን ነው ዝም የሚልሽ?» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይመልሱልሻል እኮ!»

«እነማን?»

«ሁሉም።»

«ተው እባክህ፣ አታሹፍብኝ።»

ሻዩን ጨልጦ ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት መቅረጫ መሣሪያ ደረቱ ላይ አቅፎ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሄደበት፤ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ስቱዲዮ ገብቶ ቁልፉን ተጫነው።

መጀመሪያ የራሷ ድምፅ ከሩቅ መጣ። «የምሥራች!» ወዲያው ዳቦ ሻጯ፣ ሰው እንደምትጣራ ጮክ ብላ፣ «ምስር ብይ!» አለች። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩና ደንበኛው በአንድ አፍ። ከዚያ ከፎቅ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ወፍራም ድምፅ። አንድም ሰው ሬዲዮው ይሰማኛል ብሎ አይደለም፤ የምሥራች ያለን ሰው ዝም ማለት ስለሚያስቸግር ነው። በመጨረሻ በሳል የተቋረጠ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ፤ «ምስር ብይ፣ የኔ ልጅ።»

«ይኼ እኮ አባቴ ናቸው!» አለች።

እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። ጠጋኙ መሣሪያውን የሚያጠፋ መስሎ አቀረቀረ፤ መሣሪያው ግን ቀድሞ ጠፍቷል። እሱ ከወደዳት ቆይቷል። እሷ የወደደችው ያን ዕለት ነው።

ደብዳቤው የመጣው በዚያው ወር ነበር። ድምፁ አገር የሚያዳርሰው ትልቁ ጣቢያ ዜና አንባቢ እንድትሆንለት ይፈልጋል፤ መልሷን በሦስት ሳምንት ውስጥ ትስጥ ይላል። አባቷ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጆችን ትልቁ ከተማ እያደረሱ ብቻቸውን ተመልሰዋል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«አሁን ገና ተራዬ ደረሰ» አሉ። «የራሴን ልጅ አደርሳለሁ።»

ለጠጋኙ ስትነግረው አየት አደረጋትና ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ደስ አይልም?» አለችው።

«ይላል።»

ሌላ ነገር እንዲል ጠበቀች። ለሌላው ደስታ ቃል የማይጠፋበት ሰው ለራሱ ሲሆን ምላሱ ተሳሰረ። ደህና ዋይ ብሎ ወረደ።

ሱቁ ገብቶ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ወረቀት አውጥቶ በዚያ ባማረ ጽሑፉ «ከጣቢያው በታች ሬዲዮ የሚጠግነው ሰው የምሥራቹን አቅራቢ አግቢኝ ብሎ ጠይቋል፤ እሷም እሺ ብላለች» ብሎ ጻፈ። ቀኑን አስገብቶ ከታች ፈረመ፤ ከጎኑ ለእሷ ባዶ ቦታ ተወ። እሺ ካለች ፈርማ ታነበዋለች፤ እምቢ ካለችም ማንም ሳያውቅ ይቀራል። እጇ ላይ ለመስጠት ግን አፈረና ደረጃውን መውጣት ትቶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

ጋሽ ፊርማ ሳጥኑን ከፈቱ። እንደ ልማዳቸው ግርጌውን ብቻ አዩ፤ አንድ ፊርማ ይጎድላል። ወረቀቱ መሳቢያ ገባ። ሥራቸውን በትክክል ሠሩ ማለት ይቻላል።

ጠጋኙ አሥራ አንድ ቀን ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ጥሎ ዋለ። የሰው ልጅ ተመረቀ፣ የሰው ልጅ ተዳረ፣ የአንዲት ሴትዮ ዓይን በራ። የእሱ የለም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሬዲዮውን ወደ ሌላ ጣቢያ አዞረው። ደረጃውን ካልወጣ ቆይቷል።

እሷ በበኩሏ ሥራ ማግኘቷን ሲሰማ የራቃት መሰላት። ነገሩ ሲከነክናት ዳቦ ሻጯን ጠየቀቻት።

«ያ ጠጋኝ አሞታል እንዴ?»

«ምን ያመዋል፣ ደህና ነው።» ዳቦ ሻጯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን እህቴ፣ ጣቢያ ቀይሯል።»

አቅራቢዋ የገዛችውን ዳቦ ትታ ሄደች። ቤቷ ገብታ ለትልቁ ጣቢያ እሺ የሚል ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤውን ግን አልላከችውም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞረች።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቷ ቁርስ ላይ አኮረፉ።

«የእኔ ደስታ ደስታ አይደለም? ለምን አታነቢውም?»

«ምኑን አባዬ?»

«ሳጥኑ ውስጥ የከተትኩትን ነዋ! ልጄ በትልቁ ጣቢያ ተቀጠረች ብዬ የጻፍኩትን። ድንገት ይሁንባት ብዬ ነው።»

«እኔ ካልፈረምኩማ መሳቢያ ውስጥ ነው» አለች።

ጣቢያ ደርሳ መሳቢያውን ሳበችው። የአባቷ ወረቀት ከላይ ነበር። ከሥሩ አንድ የምታውቀው ጽሑፍ አየች፤ መዝዛ አወጣችው። ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይህን አንብበውታል?»

«እኔ ታች ነው የማየው።»

«ከመጣ ስንት ቀኑ ነው?»

«ቀኑ ተጽፏል፤ አሥራ ሰባት ይሆነዋል» አሉ፣ በትከሻዋ በኩል እያዩ። «አንድ ፊርማ ነው የጎደለው።» አሁን ዓይናቸው ወደ ላይኛው መስመር ወጣ። እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «በስመ አብ! ምን አደረግኩ?»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ሁለቱም የሚጠብቁት የእሷን ፊርማ ነው። ፕሮግራሙ ሊጀምር ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። አባቷ በአውቶቡስ መስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡላት ታያት። ዳቦ ሻጯ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ያ ከፎቅ ላይ የሚመልሰው ሰውም ትዝ አሏት። እስክሪብቶ ጠየቀች።

«ፊርማ ነው እንግዲህ» አሉ ጋሽ ፊርማ እስክሪብቶውን ሳይለቁ። «አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

አንዱን ፈረመች።

«ይኼኛውስ?» አሉ የአባቷን ወረቀት እያሳዩ።

«እሱ አይፈረምም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ባለበት ይቆያል» ብለው መሳቢያውን በቀስታ ዘጉት።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባቷ ወረቀታቸውን እየጠበቁ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው ነበር። «የምሥራች!» ስትል፣ «ምስር ብይ፣ የኔ ልጅ!» አሏት ከአፏ ተቀብለው። ዜናው የተነበበው ከዚያ በኋላ ነው።

የጠጋኙ ሱቅ ውስጥ የሌላ አገር የአየር ጠባይ እየተነገረ ነው። ዳቦ ሻጯ ዱቄት በእጇ እንዳለ እየሮጠች ገባች።

«የምሥራች!»

ጠጋኙ ቀና አለ። «ምነው፣ ምን ሆነ?»

«መጀመሪያ ምስር ብይ በል እንጂ!»

«እሺ፣ ምስር ብይ።»

«ልታገባ ነው!»

«እኔ? ማንን?»

ዳቦ ሻጯ የሬዲዮውን ቁልፍ ራሷ አዞረችው። የአቅራቢዋ ድምፅ ቀጣዩን የምሥራች እያነበበ ነበር። ጠጋኙ በእጁ የያዘው መፍቻ ወደቀ፤ አላነሣውም። ፕሮግራሙ አልቆ አቅራቢዋ ራሷ በሩ ላይ ስትቆም መፍቻው እዚያው ወለሉ ላይ ነበር።

«እኔ የምሥራች ስል አልመለስክልኝም» አለችው።

«አልሰማሁሽም።»

«አውቃለሁ። እኔም አሥራ ሰባት ቀን ሳልሰማህ ነው የቆየሁት።» ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። እሱም እጇን ያዘ፤ አልለቀቀውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ያልተላከውን ደብዳቤ ይዛ ቤት ገባች። አባቷ ምግቡን አልነኩትም።

«ይህን ያህል ወደድሽው?»

«ወድጄዋለሁ። ግን ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም፣ አባዬ። እዚያ ሄጄ ሳነብ ማን ይመልስልኛል?»

አባቷ ማንኪያቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ ነገሩን ሳልሰማ ነው የመለስኩት» አሉ።

«ምን ብለው?»

«ምስር ብይ ብያለሁ።» ዓይናቸው ደብዳቤው ላይ ነበር። «ካልኩም ብያለሁ። ያልኩትን አላነሣም።»

መብላት ጀመሩ። ሬዲዮው ጥርት ባለ ድምፅ ሙዚቃ ያሰማል። ሁለት ጉርሻ ያህል ከበሉ በኋላ ወደ ሬዲዮው ሳያዩ እንዲህ አሉ፤

«እሑድ ይምጣ ያ ልጅ። ይኼ ሬዲዮ እየተንሿሿ አስቸግሮኛል።»

«እሺ አባዬ» አለች። «እነግረዋለሁ።»