የዓርቡ ክኒን

ሜቲ ቅዳሜ ጠዋት ፍርፍር ጠየቀችኝ። ጠይቃም አልቀረች፤ ሳህኑን ጠርጋ በላች። ክፉ ክፉው ቀድሞ የሚታየኝ ሴት፣ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሳወራ ዋልኩ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ በላች። ልጄ ቅዳሜ ጠዋት እህል ቀምሳ እንደማታውቅ፣ የዓርብ ማታው ክኒን ሆዷን ሲያገላብጠው እንደሚያረፍድ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

ሜቲ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። የደም ካንሰር ይዟት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ታከመች። ከወጣች በኋላ እቤት የምትወስዳቸው ሁለት መድኃኒቶች ታዘዙላት፤ አንደኛው ማታ ማታ፣ ሁለተኛው በየሳምንቱ ዓርብ። እኔ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነኝ፤ አምሽቼ ስለምገባ መድኃኒቷን የሚሰጣት አባቷ ገለታ ነው። ገለታ የሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ሲበዛ ደግ ሰው። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም።

በቀጠሯችን ቀን ዶክተር እጸገነት የደም ውጤቷን ደጋግመው አዩና፣

«መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች?» አሉ።

«አዎ» አልኩ። ገለታ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«አባት?»

«የማታውን አንድም ቀን አላስቀረሁባትም።»

«የዓርቡንስ?»

«እሱን… ለኑሪ ሰጠሁት።»

ኑሪ ቄራ ያለ ጎሚስታ ነው። ልጁ ከሜቲ ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ ታክሟል፤ ሕመማቸውም አንድ ነው። የዓርቡ ክኒን ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቶበት ሲንከራተት፣ ገለታ የሜቲን ከነዕቃው አንስቶ ሰጠው።

«ዶክተር፣ ልጅቷ እኮ ድናለች» አለ ገለታ። «ትሮጣለች፣ ትጫወታለች። እኔ ሁለት እያለኝ እሱ አንዱን ሲያጣ ዝም ብዬ ልይ? ለእሷ የማታው ይበቃታል፣ ይኼኛው ትርፍ ነው አልኩ፣ በቃ።»

ዶክተሯ አልተቆጡም።

«አንዱ የሌላው ትርፍ አይደለም፣ ገለታ። በደሟ ውስጥ የተደበቁ የካንሰር ሴሎች ቢኖሩ፣ አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲመጣባቸው ሊለምዱት ይችላሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት ይጨምራል። ሴሉ መራባት ያቅተዋል፣ የተጎዳውን መጠገን ያቅተዋል፣ በመጨረሻ ራሱ ይሞታል። እኛ የምንፈልገው እንዲደክም ሳይሆን እንዲሞት ነው።»

«ደህና መስላኝ እኮ ነው።»

«ደህና ያደረጓትማ ሁለቱ ናቸው።»

ገለታ አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ለኑሪ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ለእኔ መደወል! ከሌላ ሆስፒታል አፈላልገን እናመጣለት ነበር። ደግሞስ የእሱ ልጅ መጠን ከሜቲ ጋር አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ሕመሙ ተመልሶ እንደሆነ ለማወቅ ከሜቲ መቅኒ ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ያጠረባትን የትምህርት ቤት ልብስ ለማስረዘም ልብስ ሰፊው በር ድረስ ሄጄ፣ ምናልባት አትለብሰው ይሆናል ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ገለታ እህል አልወርድ አለው። ኑሪ ነገሩን ሲሰማ በስልክ ጮኸ፦ «ወላሂ፣ ተርፎን ነው ብሎኝ ነው! የእኔን ልጅ በእሱ ልጅ ላድን?»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዶክተር እጸገነት ደወሉ።

«መቅኒዋ ንጹሕ ነው። ይኼ ግን ዕድል ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። በሰጣችሁት ፈንታ ሌላ የዓርብ ክኒን መጥታችሁ ውሰዱ። ዛሬ ማታ ሁለቱንም ትዋጥ።»

ያጠረባትን የትምህርት ቤት ልብስ አንስቼ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ።

ያን ቀን ሥራ አልገባሁም፤ ማታ ኑሪ ሙዝ አንጠልጥሎ መጣ። ሆስፒታሉ ለልጁም መድኃኒቱን አግኝቶለታል። በር ላይ እንደማፈር ሲል ገለታ፣ «ግባ እንጂ! አሁን ደግሞ ምን ልስጥህ? መኪናዋን?» አለው።

«ጎማዋን አይቼዋለሁ፤ አንተው ንዳት» አለ ኑሪ። ብዙ ቀን ስቄ አላውቅም ነበር።

ገለታ በሁላችን ፊት ሜቲን ክኒኖቹን አስዋጣት። ከዚያ ወደ ኑሪ ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ ልጅህ ነገም መድኃኒት ቢያጣ አልተውህም። ግን ከልጄ አፍ አንስቼ አልሰጥህም። አብረን እንጮሃለን፣ አብረን እንፈልጋለን» አለው።

«የሜቲ እናት፣ ምስክር ነሽ» አለኝ ኑሪ።

በሽተኛ የምታስታምሙ ወገኖቼ፣ በየሆስፒታሉ መተሳሰባችሁን አውቀዋለሁ። ምሳችሁን፣ ብርድ ልብሳችሁን፣ ጊዜያችሁን ተካፈሉ። ሐኪም አጣምሮ ያዘዘውን መድኃኒት ግን አትነጣጥሉ፤ በሽተኛው ደህና የመሰለ ዕለትም አንዱን ትርፍ ነው አትበሉ። መድኃኒት ሲጠፋም ለሐኪሙ ንገሩ።

ኑሪን ሸኝተን ስንመለስ ሜቲ እንደ ድሮው ዓርብ ማታ ሆዷን ይዛ ተኝታለች። ግንባሯን ዳሰስኩ፤ አይተኩስም። ገለታ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት፤ ከዚያ ሄዶ በሩን ቆለፈ።