ለሳሌም የደረሰው አቤቱታ

ዳኜ ሽሮ ሜዳ ከሚገኘው ቢሮው ሰገነት ወድቆ ሞተ። ኮምፒውተሩ ላይ «ሳሌም፣ ይቅር በይኝ። ደከመኝ» የሚል ጽሑፍ ስለተገኘ ፖሊስ ራሱን ገድሏል ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ነበር። ሚስቱ ሳሌም አላለቀሰችም። በአራተኛው ቀን ኢንስፔክተር ጀዊሪያ ዘንድ ሄዳ ጥሏት ሄዶ እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻት።

ቢሮው የነጋዴዎችን ድረ ገጽ ከሰርጎ ገቦች ይጠብቃል። የሥራ ባልደረባው ሩፋይዳ ስለ ዳኜ ፕሮግራም ለጀዊሪያ አስረዳቻት። አንድ ሰው የይለፍ ቃል አምስት ጊዜ ከተሳሳተ፣ ፕሮግራሙ ሙከራው የመጣበትን ኔትወርክ ባለቤት ፈልጎ በዳኜ ስም የኢሜይል አቤቱታ ይልካል፤ የሰው እጅ የለበትም።

«የራሳችንን ኔትወርክ እንኳ ዝለልልን ስንለው እምቢ አለ» አለች። «ቦጋለ 'አንተ እኮ ራስህንም ትከሳለህ' እያለ ይስቅበት ነበር።»

ሦስተኛው ባልደረባ ቦጋለ፣ ዳኜ በወደቀበት ሰዓት አዲሱ ገበያ ደንበኛ ዘንድ እንደነበረ፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደተመለሰ ተናገረ። የሕንፃው ባለቤት ሀምዳን ምድር ቤት ባለው የጋቢ ሱቁ ለሩፋይዳ ነጠላ እያሳየ ሳለ፣ ልክ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ሲጀምር የወደቀ ነገር ድምፅ ሰምቷል። ሁለቱ አብረው ሮጡ፤ ነጠላውን ሬሳው ላይ ጣሉበት። ፖሊስ እስኪመጣ ከአጠገቡ አልራቁም።

«የቢሮው ኔትወርክ በማን ስም ነው የተመዘገበው?» ስትል ጀዊሪያ ጠየቀች።

ባልደረቦቹ በዳኜ ይመስለን ነበር አሉ። አብራቸው የነበረችው ሳሌም ግን ቀና አለች። ቢሮው ሲከፈት ቅጹን የሞላችው፣ የራሷን የኢሜይል አድራሻ የጻፈችውም እሷ ነበረች፤ ዳኜ ወረፋ አይወድም ነበር።

«በስሙ የመጣ ደብዳቤ ስልኬ ላይ አለ» አለች። «መሰናበቻው መስሎኝ አልከፈትኩትም።»

በማግስቱ ጀዊሪያ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰብስባ ደብዳቤውን ከሳሌም ስልክ ላይ አነበበች። ዳኜ በሞተበት ቀን በዘጠኝ ከአርባ ሦስት፣ ከዚሁ ቢሮ ኔትወርክ፣ የዳኜን ኮምፒውተር ለመክፈት አምስት የከሸፉ ሙከራዎች ተደርገዋል።

«አዛኑ የተጀመረው በዘጠኝ ከሠላሳ አምስት ነው» አለች። «ዳኜ ያኔ ሞቷል። ሩፋይዳና ሀምዳን ሬሳው አጠገብ ናቸው። የቢሮው ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ ቦጋለ። ስድስተኛው ሙከራ ሠራልህ፤ ይቅርታውን ጻፍክ። የአቤቱታውን ቅጂም ከኮምፒውተሩ አጠፋህ። ዋናው ለሳሌም እንደሚደርስ ግን አላወቅህም።»

ቦጋለ ተቀመጠ። የደንበኞችን የይለፍ ቃል ሲሸጥ ዳኜ ደርሶበት ነበር። ሰገነቱ ላይ ሲጨቃጨቁ ገፋሁት አለ።

ሲወስዱት ሳሌም አላየችውም። ጀዊሪያ ስልኩን መለሰችላት። ሳሌም እስከ መጨረሻው መስመር ወረደች፤ «ስለ ትብብርዎ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ዳኜ።»

«እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበር» አለች።

ሩፋይዳ ፕሮግራሙን ልዝጋው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሳሌም ይቆይ አለች፤ ደረጃውንም ቀስ ብላ ወረደች።