የተደፈኑት ዓይኖች

«በቃ! ካሜራ አቁሙ!» አለ ዳይሬክተሩ ቪለም እጆቹን እያፋተገ። «ጩኸት ማለት እንዲህ ነው!»

የስቱዲዮው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የአሥራ አራት ዓመቷ ዝደንካ ግን አላጨበጨበችም። በፊልሙ ውስጥ አእምሮው የሚናወጠውን ሠዓሊ የሚጫወቱት ጋሽ ኦታካር ሸራው ፊት ተንበርክከው ይንቀጠቀጣሉ። በሸራው ላይ ያለችው የፊልሙ ሳትሆን የራሳቸው ሟች ሚስት ናት። ፕራግ በረዶ ለብሳ በከረመችባቸው ወራት ሁሉ፣ ለዚህ ፊልም ብለው በገዛ እጃቸው ሲሥሏት ነበር። አሁን በቀረጻው መሃል የሸፈናትን ጨርቅ ሲገልጡት ዓይኖቿ በጥቁር ቀለም ተደፍነዋል።

የደፈነቻቸው ዝደንካ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ቪለም ብሩሽ አስይዟት፣ «የምፈልገው እውነተኛ ድንጋጤ ነው። ለሽማግሌው ትንፍሽ እንዳትይ። አንቺ ጎበዝ ነሽ» አላት። የሠዓሊውን ልጅ ሆና ስትተውን ሁለት ወር ሙሉ ጎበዝ ብሏት አያውቅም ነበር። ለዚያች አንዲት ቃል ብላ! እጄን በቆረጠው አለች በልቧ።

ሻይ ይዛ ጋሽ ኦታካር ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገባች።

«ጋሼ፣ እስቲ ፉት ይበሉ።»

«ዝደንካዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉ ሳይቀበሏት። «ያበላሸኋት እኔው ነኝ።»

«እርስዎ?»

«አምና አእምሮዬን ታምሜ ተኝቼ ነበር። ያኔም የሠራሁትን አላስታውስም። ይኸው ተመለሰብኝ። የነገውን ቀረጻ ልጨርስና ራሴው ሄጄ ሆስፒታል እገባለሁ።» ሊስቁ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። «በሷ ላይ እንዴት እጄን አነሣሁ?»

ዝደንካ ሻዩን አስቀምጣ ሮጠች፤ ቪለምን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«እንንገራቸው! አበድኩ እያሉ ነው እኮ!»

«ቀስ በይ! ይህ ፍርሃት ለነገም ያስፈልገኛል። ከቀረጻ በኋላ እኔው እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ከተነፈስሽ ግን ያንቺን ቦታ የሚፈልግ ልጅ ሞልቷል።»

ነገ ማለት ለእሱ አንድ ትዕይንት ነው። ለጋሽ ኦታካር ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ነው።

ተመልሳ በሩን አንኳኳች። ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ቪለም ሲለኝ እሺ አልኩ።»

ጋሽ ኦታካር ቀና ብለው አዩአት።

«አንቺ?» አሉ። «ምነው እብደቴ በሆነ፣ ልጄ።»

ዝደንካ እንባዋ ወረደ። ለመውጣት ግን አልተነሣችም።