ባለ አንድ አልጋዋ ተሳቢ

ሰው በር ሲገባ ደረቱን አስቀድሞ ይገባል። ደርቤ ግን ወደ ይመኙሻል ልብስ ስፌት ቤት የገባው በጎኑ ነው፤ ጀርባውን ከግድግዳው ሳያላቅቅ፣ እግሩን እየጎተተ። ዳባት አውራ መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ የነበረችው ይመኙሻል ቀና ብላ አየችው። ረጅም፣ ጠይም፣ እጁን እስከ ክርኑ ግሪስ የነካው ሰው ነው። ሌባ እንዳትለው ዓይነ አፋር ነው፤ ደንበኛ እንዳትለው ደግሞ በእጁ ምንም አልያዘም።

«ምን ልታዘዝ?»

«ሱሪ... የሚሰፋ ሱሪ ነበረኝ።»

«የታለ?»

«ለብሼዋለሁ።»

ይመኙሻል ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። አንዲት ደንበኛ ጠርዙ እንዲታጠፍላት የተወችውን ባለ አበባ መጋረጃ ወረወረችለትና ፊቷን አዞረች። ደርቤም በመጋረጃው ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። የገጠር የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ እንደሆነ፣ ሱሪው የተቀደደውም ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ሲል እንደሆነ እየተንተባተበ ነገራት። እሷ ስትሰፋ አንዴ ብቻ ቀና አለች። እሱም የዚያን ጊዜ ቀና ብሎ ነበር። በዚያው ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ መርፌዋ ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት።

ከሰነበተ በኋላ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ቀጥሎ ጃኬት፣ ቀጥሎ ሸሚዝ። ሸሚዙን ገልበጥ አድርጋ ስታየው ቀዳዳው ጨርቅ ሲያረጅ እንደሚቀደደው አይደለም፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ መስመር ነው።

«ይሄ እኮ በምላጭ የተቀደደ ነው።»

«አዎ።»

«ማን ቀደደው?»

«እኔ ነኝ» አለ ደርቤ መሬት መሬቱን እያየ። «ሌላ ምን ምክንያት ይዤ ልምጣ?»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሸሚዝ መቅደድ ቀረ፤ እንዲሁ ይመጣ ጀመር። ግን የደርቤ መምጣት ምን መምጣት ነው? ሥራው አንድ ቦታ አያስቀምጠውም። ዛሬ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ይበላሻል፣ ሲጠገን ቡይት ራስ ይጠሩታል፣ ከዚያ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ቆላ ይከርማል። ዕቃውን የሚጭነው በአሮጌ ፒካፑ ነው፤ የሚያድረውም እዚያችው ፒካፕ ጀርባ ላይ ሸራ ወጥሮ ነው። ይመኙሻል የሱን ሞተር ድምፅ ከሚኒባሱም ከአይሱዙውም ለይታ ታውቀው ነበር። መንገዱ ዝም ባለ ቁጥር በሩን በሩን ታያለች። ሰው እንዳይታዘባት እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ብትቆም ደስ ባላት።

ተከትላው እንዳትሄድ አባቷ አሉ። ጋሼ ገብረ ሚካኤል በጉልምስናቸው ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ይዘው ሊማሊሞን ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ልጃቸው ይመኙሻል ብቻ ናት። እሷ ካልቀረበችላቸው እህል አይቀምሱም፤ እሷም እሳቸው ሳይተኙ አትተኛም። ደርቤ መንገዱን ትቶ ዳባት ልቀመጥ ቢልም እሺ አላለችውም። ውሃ የተቋረጠባቸው ሴቶች እንስራ አዝለው ወንዝ ሲወርዱ እያየ ዳባት ቁጭ ብሎ የሚበላው እንጀራ እንደማይዋጥለት ታውቃለች።

አንድ ቀን ደርቤ ፊቱ በርቶ መጣ። ደባርቅ ውስጥ ሚናስ የሚባል ነጋዴ፣ መንገድ ሠሪዎች ትተዋቸው የሄዱ ጎማ ያላቸው ቤቶች ይሸጣል አላት። በመኪና የሚጎተት፣ አልጋም ምድጃም ያለው ቤት! እንግዲህ ሥራው በሄደበት ቤቱም ይሄዳል፣ እሷም ትሄዳለች፣ አባቷም ይሄዳሉ።

አብረው ሄደው አዩ። ሁለት ናቸው። ትልቁ ሁለት ክፍል አለው፤ ትንሿ አንድ ክፍል ብቻ። ይመኙሻል ትንሿን ዞር ብላም አላየቻት። ትልቁ ውስጥ ገብታ መስኮቱን በስንዝር ለካች፤ ምን ዓይነት መጋረጃ እንደምትሰፋለት ወሰነች። የኋለኛውን ክፍል «ይሄ የአባዬ ነው» አለችና ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገችው። ሚናስ ከኋላ ሆኖ «ይጎትተዋል፤ ለምን አይጎትተውም?» ይላል። ደርቤ ግን መሬት ላይ ተኝቶ ፍሬኑን ያያል፣ ክብደቱ የተጻፈባትን ቆርቆሮ ያነባል፣ ተመልሶ የራሱን መኪና መንጠቆ ያያል። በመጨረሻ እስቲ ልሞክረው አለ። ይመኙሻል በሚኒባስ ዳባት ስትመለስ፣ በሐሳቧ መጋረጃውን ሰቅላ ጨርሳለች።

በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ ግጥም ባለበት ሰዓት፣ ያ የሚታወቅ ሞተር ሱቋ በር ላይ ቆመ። ሮጣ ወጣች። ከፒካፑ ኋላ የተቀጠለችው ትንሿ ናት።

«ትልቁ አይሆንም፣ ይመኙ» አለ ደርቤ ገና ሳይወርድ። «ባዶውን ይጎተታል። ውሃው፣ እህሉ፣ የስፌት መኪናሽ፣ እኛ ሦስታችን ስንጨመር ግን ከመኪናዋ አቅም በላይ ነው። ዕቃ ጭኜ ቁልቁለት ላይ ሞከርኩት፤ ከኋላ ገፋት። ፍሬን ይዤም ገፋት።»

ይመኙሻል በሩን ከፍታ ከደጅ ሆና ወደ ውስጥ አየች። አንድ አልጋ ነው ያለው። ያውም ጠባብ።

«አባዬ የት ነው የሚተኛው?»

ደርቤ ዘወር ዘወር ብሎ አየ። ዙሪያውን ሰው ቆሟል። ጎረቤቷ በርበሬ ሻጯ እመት ወለተ ሥላሴ ሚዛናቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አስግገዋል። ድንች የሚጭኑት ሳይቀሩ ሥራቸውን ትተው ያያሉ።

«እሱን... በኋላ እናወራዋለን» አለ፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

«አሁን ንገረኝ። አባቴ የት ነው የሚተኛው?»

ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ዝምታው ሁለት ሰው አቃጠለ።

«ገብቶኛል» አለች ይመኙሻል፤ ድምጿ ተሰብሮ። «ለሱ ቦታ ከሌለህ ለእኔም የለህም። ሂድ።»

ሱቋ ገብታ በሩን ዘጋች። ሞተሩ ሲነሳ ሰማችው፤ ሲርቅም ሰማችው።

ክረምቱ ገባ። ዳባት በጭጋግ ተሸፈነች። ይመኙሻል የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ያው እጅጌ ሁለት ጊዜ ይገጠማል፣ ትፈታለች፣ እንደገና ትሰፋለች። ተናዳበታለች፤ እውነት ነው። ግን ናፍቆት ንዴትን ሰምቶ አያውቅም። ግሪስ የነካው እጁ ይናፍቃታል። ሊናገር ፈልጎ ሲንተባተብ ይናፍቃታል። አንዳንድ ቀን ያ ሞተር ከወደ ደባርቅ ይመጣል። ሱቋ አጠገብ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል፣ ያዘግማል... እሷም መርፌዋን ይዛ ትንፋሿን ትውጣለች። ከዚያ ያልፋል። በሩን ከፍታ ብትወጣ ምን ነበረበት? ኩራት የሚባል ክፉ በሽታ አለ፤ ሁለቱንም ይዟቸው ነበር።

ለአባቷ ምንም አልነገረቻቸውም። በሳቸው ምክንያት እንደቀረች ካወቁ እህል እንደማይቀምሱ ታውቃለች። ይሁን እንጂ የገበያ ወሬ የትም ይገባል። እመት ወለተ ሥላሴ ሊጠይቋቸው መጥተው ሁሉንም ዘረገፉላቸው። ጋሼ ገብረ ሚካኤል እንግዳቸውን ከሸኙ በኋላ ልጃቸውን ጠሩ።

«መኪናው ምንድን ነው?» አሉ መጀመሪያ። ሾፌር ሁልጊዜ ሾፌር ነው።

ነገረቻቸው። ሁለቱ ቤቶች ምን ያህል እንደሆኑም ጠየቁ፤ በክንድና በእርምጃ አስረዳቻቸው።

«ትልቁን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ሊማሊሞ ላይ ሦስታችንንም ይቀብረን ነበር» አሉ። «መኪና ይችላል የሚባለው የሚጎትተው አይደለም፣ ልጄ፤ ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው ነው። በዚያ ላይ እኛ አገር አየሩ ሳስቶ ሞተር ይደክማል። ልጁ አእምሮ አለው።»

«እሱንማ ነግሮኛል፣ አባዬ። አልጋው ግን አንድ ነው።»

«ታዲያ ጠየቅሽው?»

«ጠየቅሁት። ዝም አለ።»

«የት ነው የጠየቅሽው?»

«ሱቁ በር ላይ... ገበያው መሐል።»

ጋሼ ገብረ ሚካኤል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ይመኙሻል አባቷ እንዲህ ሲስቁ ካየች ዘመን ሆኗታል።

«ገና ሽማግሌ ያልላከ ልጅ፣ ሕዝብ መሐል፣ ስለ መኝታ ጠይቀሽው... ምን ብሎ እንዲመልስልሽ ነበር?» አሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ። በይ፣ ነጠላሽን ልበሺ። ደባርቅ እንሄዳለን።»

ደርቤን ያገኙት ደባርቅ ዳር፣ ተሳቢዋን ካቆመበት ሜዳ ላይ የፓምፕ ዕቃ ሲያጥብ ነው። ሲያያቸው ብድግ አለ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና የጋሼን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ይመኙሻልን ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ከስቷል። እሷም ከስታለች።

ጋሼ ገብረ ሚካኤል ወግ አላበዙም። ወደ ተሳቢዋ ምሩኝ አሉ። መንጠቆዋን ዳሰሱ፣ ጎማዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ፍሬኗን ፈተሹና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሩን ጠየቁ። እግራቸውን ሲያነሱ ደረጃው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። እጃቸውን ሲዘረጉ አንድ ለስላሳ እንጨት አገኙ። እንጨቱን ይዘው ሄዱ። ከበሩ እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ ውሃ መታጠቢያው፣ ከዚያም ተመልሶ እስከ በሩ ግድግዳው ላይ ተያይዟል። ሻካራው ሁሉ ተልጎ፣ ጫፉ ሁሉ ክብ ተደርጎ።

ይመኙሻል ደጅ ቆማ ታያለች። ዓይን ላለው ሰው ይሄ እንጨት ምን ያደርግለታል? ያን ቀን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ታየው ነበር። የበሩን መቃን ያዘች።

«ይሄ እንጨት ለምንድን ነው?» አሉ ጋሼ፤ እያወቁ።

«ለእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለ ደርቤ። «አልጋውም የእርስዎ ነው። ከመጀመሪያውም ለእርስዎ ነው የገዛሁት።»

«እናንተስ?»

ደርቤ ጫማውን አየ። «እኛ... ፈቃድዎ ከሆነ... የፒካፑ ጀርባ ሸራ አለው። ዓመታት ተኝቼበታለሁ። ለአንድ ሰው ይበርዳል። ለሁለት ግን...» ብሎ ደነገጠና ተወው።

ይመኙሻል ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከተሳቢዋ ጀርባ ዞረች። ትንሽ ቆይቶ ደርቤ ተከተላት፤ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ነበር።»

«ሰው ከሄደ በኋላስ?»

«አንቺም ሄድሽ። በርሽን ዘጋሽ። በሱቅሽ ሳልፍ ልቆም እል ነበር። እግሬ ፍሬኑ ላይ ሆኖ... አልደፍርም።»

«ስታዘግም እሰማህ ነበር» አለች። «በየቀኑ ነው የማዳምጠው። ናፍቀኸኝ ልሞት ነበር፣ ደርቤ። ይቅር በለኝ።»

«እኔን ይቅር በይኝ» አለ፤ ተራው የሱ ሆኖ ዓይኑ ሞላ።

ከውስጥ የጋሼ ድምፅ ጠራቸው። አልጋው ላይ ቁጭ ብለዋል፤ አንድ እጃቸው ያን እንጨት አልለቀቀም።

«ሽማግሌ ላክ» አሉ ደርቤን። «ግን ዳባት አትላክብኝ። ወደዚህ ላካቸው። ቤቴ ይሄ ነው።»

ከመስቀል በኋላ፣ አደዩ ሜዳውን ባለበሰበት ወቅት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደባርቅ ከተማ መጡ። በወጉ መሠረት ደጅ ቆሙ፤ ጋሼ ገብረ ሚካኤልም በወጉ መሠረት ነፋሱ እስኪያንቀጠቅጣቸው አቆዩአቸው። ግቡ ሲባሉ ደግሞ ሁለቱ ብቻ ገቡ፤ ሦስተኛው፣ አቶ ገዱ፣ ቦታ ስላጡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አንገታቸውን አስገቡ። የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ።

ደንቡ ይታወቃል። የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌዎቹም ተመልሰው ይመጣሉ። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮውን ሊቀበሉ ተዘጋጅተው ነበር። ይመኙሻል ደጅ፣ ፒካፑ አጠገብ፣ ጆሮዋን አቁማ ቆማለች፤ ደርቤ ከመኪናው ወዲያ ማዶ፣ ወጉ መጥቶ እንዲቆምበት ያልፈቀደለትን ቦታ፣ አጠገቧን፣ ያያል።

ጋሼ ገብረ ሚካኤል ያን ለስላሳ እንጨት በእጃቸው ዳሰስ አደረጉ።

«ቀጠሮ አልሰጥም» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቹ ሲጠባበቁ ከርመዋል።»