የበቃኝ ፍሬ

በደብረ ነፋስ ከተማ ደመና እንደ በሬ ይታሰራል። ረጃጅም ምሰሶዎች በኤሌክትሪክ ኃይል ይዘው ያቆሙታል፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ ያዘንባል፣ ሲከለክል ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። ከከተማው አሥራ ሁለት ደመናዎች አሥራ አንዱ የአቶ ጓንጉል ናቸው። የቀረው አንዱ፣ ከሁሉም የሳሳው፣ የሸለቆ ሰፈር ሕዝብ የጋራ ደመና ነው። እሱንም አቶ ጓንጉል ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊገዙት ቀጠሮ ይዘዋል። ሻጩ የከተማው ምክር ቤት ነው። የሸለቆ ሰፈርን ሰው የጠየቀው የለም፤ ድሮስ መቼ ተጠይቆ ያውቃል?

ትርንጎ ግን ተስፋ ነበራት። እናቷና ወንድሟ ታፈረ ሸለቆ ሰፈር ሽንኩርት አልምተው ነው የሚኖሩት። አምና ደመናው ለጥገና ተብሎ ሁለት ወር ሲዘጋ የሰፈሩ ግማሽ ተሰዷል። የአሁኑ ደግሞ ጥገና አይደለም፤ ከተሸጠ ተሸጠ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ጠዋት በገዛ እግሩ መጥቶ እሷ የምትሠራበት የአንጎል ሕክምና ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጧል።

አቶ ጓንጉል የመጡት "በቃኝ" የምትባለውን ፍሬ ለማስተከል ነው። በቃኝ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል መሣሪያ ናት፤ ከጆሮ ጀርባ በመርፌ ትገባና ሰው ሲረካ የሚሰማውን ስሜት አንጎል ውስጥ ታነቃለች። እስከዛሬ የምትተከለው ለሆዳምና ለቁማርተኛ ነበር። በክትትል ክፍል ውስጥ፣ ሐኪም እያያቸው፣ ሁሉም ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ሀብታም መጥቶ ትከሉልኝ ሲል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይቆነጥጥዎታል" አለች ትርንጎ መርፌውን እያዘጋጀች።

"ቆንጥጪ ልጄ" አሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

"ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አሥራ አንድ ደመና ይዘው አሥራ ሁለተኛው ምን ይጨምርልዎታል?"

"ምንም" አሉ ወዲያው። "የመጀመሪያውን የገዛሁት ድህነትን ፈርቼ ነው። እስከ አምስተኛው ድረስ የገዛሁት ደግሞ አያልቅበት የሚባል ሰው አራት ስለነበረው ነው። አያልቅበት ሞተ፤ የሱንም ገዛሁ። በቃ የምቀድመው ሰው የለም፣ አሁን አርፋለሁ ስል እግሬ አልቆም አለኝ። እኔ እኮ ደመናውን አልወደውም። ጠዋት ስነሳ ግን የሚታየኝ የሌለኝ ነገር ብቻ ነው። ደክሞኛል። ይህቺ ፍሬሽ ከሠራች ፊርማውን እተወዋለሁ።"

ትርንጎ መርፌውን ከጆሯቸው ጀርባ ሰካች። ፍሬዋ ገባች። የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፤ እርካታው ሙሉ ነው ማለት ነው።

"ምን ይሰማዎታል ጋሼ?"

"ውስጤ ባዶ ሆነብኝ" አሉ አቶ ጓንጉል። "ፊቴ ጋለ። እጄን መዘርጋት እፈልጋለሁ፤ ግን የሆነ ሰው የሚያየኝ ይመስለኛል።"

"ደመናውስ?"

"ከቅድሙ ብሶ አማረኝ።"

ትርንጎ መሣሪያውን ደጋግማ ፈተሸች። ምንም አልተበላሸም። ፍሬዋ የተማረችውን እየሠራች ነው። እንግዲህ ትምህርቷን ማየት ነው ብላ፣ በቃኝ የተሠራችበትን ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀዳ ቅጂ ከመዝገብ አስወጣች።

ቅጂው የሠርግ ነበር። ፍሬዋን የሠሩት ሳይንቲስቶች አራት ሺህ ታዳሚዎች ራስ ላይ አንጎል የሚያነብ ቆብ ደፍተዋል። አስተናጋጅ ወጥ ይዞ ይመጣል፣ ታዳሚው ሰሃኑን በእጁ ከልሎ "በቃኝ" ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ቆቡ አንጎሉን ያነብና "እርካታ ማለት ይህ ነው" ብሎ ይመዘግባል። አራት ሺህ ጊዜ።

መጀመሪያ ሳቅ መጣባት። ቀጥሎ ግን ቅጂውን አቆመች። ለመሆኑ የእኛ ሰው ሠርግ ቤት በቃኝ የሚለው ጠግቦ ነው? እሷ ራሷ ልጅ ሆና፣ ዓይኗ ድስቱ ላይ ተተክሎ፣ እናቷ ከገበታው ሥር ጭኗን እየቆነጠጠች ስንቴ በቃኝ አስብላታለች። ሦስቴ በሞቴ ሳይባል እሺ የሚል ሰው ባለጌ ነው። ሳይንቲስቶቹም ጨዋ ያሳደጋቸው ሰዎች ስለነበሩ፣ እነሱም እንደዚያው እየራባቸው በቃኝ ሲሉ ስላደጉ፣ ነገሩን የጠረጠረ አልነበረም። ፍሬዋ የተማረችው እርካታን ሳይሆን ይሉኝታን ነው።

እውነተኛውን እርካታ ካገኘችው ግን ፍሬዋን እንደገና ልታስተምራት ትችላለች። ሰዓቱ ገና አምስት ነበር። ታዳሚዎቹ ቆቡን እንደደፉ አንድ ሳምንት ቤታቸው ሰንብተው ስለነበር የዚያን ጊዜ ቅጂም አለ። ሆድ ብቻ ሳይሆን ምኞት ራሱ ጸጥ ያለበትን ቅጽበት ፈልግ ብላ ኮምፒውተሩን አዘዘችው። ሦስት ሰዓት ፈለገ። የሆድ ጥጋብ አገኘ፤ ሆድ ልክ አለው። ምኞት ግን ከአራት ሺህ ሰው አንዱ ላይ እንኳ ቆሞ አያውቅም። ሰውየው ብቻውን ሲሆን ምኞቱ ይጋልባል፤ ሌላ ሰው ሲገባ ረገብ ይላል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። ድሃውም፣ መነኩሴውም፣ ሙሽሮቹም ያው ናቸው። ትርንጎ ውጤቱን አንብባ ወደ ወንበሩ ተመለሰች።

ለአቶ ጓንጉል ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

"እንግዲያው ይህ የሚያቃጥለኝ..."

"ይሉኝታ ነው ጋሼ። ሰውን የሚያቆመው እሱ ብቻ ነው። ሌላ የለንም።"

"እኔ ከሰው ጋር ማዕድ ከቀረብኩ አርባ ዓመት አልፎኛል" አሉ። "እኔ በምኖርበት ሦስት መቶኛው ፎቅ ላይ ማን ያየኛል? አንቺም ይህ ነገር አለብሽ?"

"አለብኝ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ከልባቸው አዘኑላት። "ምስኪን" አሉ። ቀጥለው "አውጪልኝ" አሉ።

"ለዛሬ ብቻ ይታገሡኝ ጋሼ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እናቴና ወንድሜ ሸለቆ ሰፈር ናቸው። ደመናው ከሄደ መግቢያ የላቸውም።" ይህን እስካሁን አልነገረቻቸውም ነበር።

አቶ ጓንጉል አቀረቀሩ፤ ፍሬዋ ፊታቸውን አቀላችው። "ባልፈርም ረሃቡ ይገድለኛል። ይህን ይዤ ብፈርም ዓይንሽ ይከተለኛል" አሉ። "እናትሽንና ወንድምሽን ወደ ላይ አወጣቸዋለሁ። ሁለት መቶኛው ፎቅ ላይ፣ ውሃ የማይቋረጥበት ቤት እሰጣቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ይህን አውጪልኝ።"

"የለም ጋሼ፣ ይቅርብኝ።"

ቀና ብለው አዩዋት። "ይህን የይሉኝታ ቃል ከጠዋት ጀምሮ ከውስጤ እየሰማሁት ነው" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። "በሞቴ።"

"ሰፈሩስ ጋሼ? የቀረው ሰው?"

"አፈር ስሆን።"

ትርንጎ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ከዚያ እናቷን ቧንቧ ከፍታ ስትታጠብ አሰበቻት። ከዚህ በኋላ ጎረቤቶቿን ማሰብ አቃታት፤ በራሷም አፈረች።

"ትርንጎ፣ በሞቴ" ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ለመኗት።

"እሺ" አለች።

ፍሬዋ ስትወጣ የአቶ ጓንጉል ፊት እንደ ሕፃን ፊት ጠራ። ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። በሰው ፊት መሆናቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ አፋቸውን ሞልተው አዛጉና ወደ በሩ አመሩ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቃል የገባላት፣ የለመናት ሰውዬ ከፍሬዋ ጋር ወጥቶ የመርፌው ሰሃን ላይ ተኝቷል።

"ጋሼ" አለች ትርንጎ።

"ምነው?" አሉ ዞር ብለው። ፊታቸው ላይ ቁጣም የለም፣ ሐፍረትም የለም።

የገቡላትን ቃል ልታስታውሳቸው አፏን ከፈተች። ይሉኝታ ያዛት።

"ምንም ጋሼ" አለች። "ደህና ይዋሉ።"