በሙየንጋ ኮረብታ የሞተው መሐንዲስ

የኢንጂነር ፀጋዘአብ አስከሬን ወርክሾፑ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ቀኝ እጁ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ጨብጧል። ሽቦዎቹ የሚወጡት ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ከተቀመጠ፣ ግማሹ በእሳት ከጠቆረ የብረት ሣጥን ነው፤ የሣጥኑ መሰኪያ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ገብቷል። ከጭንቅላቱ ኋላ የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ደርቋል።

«ኤሌክትሪክ ያዘው፤ ሲወድቅ የጠረጴዛው ጠርዝ ጭንቅላቱን መታው፤» አለ ኢንስፔክተር ሴማንዳ። «እኔ የጠራሁዎት ለትርጉም ነው፣ ማዳም ገንዘቤ። ባለቤቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከአማርኛ ሌላ ቃል አልወጣትም።»

ገንዘቤ ጉልበቷን አጥፋ ከሟቹ አጠገብ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ፖሊስ ምርመራ ክፍል ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ያገለገለች ሴት ናት። ደርግ ሲወድቅ እህቷ ወዳለችበት ካምፓላ መጣች፤ አሁን ለአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የአደጋ መርማሪ ሆና ትሠራለች። ሴማንዳ የሚያውቃት ከሁለት የእሳት አደጋዎች ላይ ነው፤ በሁለቱም እሱ የተሳሳተውን እሷ አርማለች።

መሰኪያውን ነቅላ የሟቹን ጣቶች በእርጋታ ገለጥ አደረገች። መዳፉ ንጹሕ ነው፤ የቃጠሎ ምልክት የለበትም። ተነሥታ የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጅ ባትሪ ዳሰሰች፤ ደምም ፀጉርም የለም። መደርደሪያው ላይ ከባድ የትራንስፎርመር ብረቶች ተደርድረዋል። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ ተወልውሏል። በመጨረሻ ወደ ጠቆረው ሣጥን ጎንበስ ብላ ጥላሸቱን በጥፍሯ ፋቀች። ከሥሩ ቀይ ቀለም ወጣ።

«ሴማንዳ፣» አለች ቀና ብላ፣ «ከትርጉሙ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ላውራ።»

ካምፓላ የሚኖር ሐበሻ ፀጋዘአብን የማያውቅ የለም። የአውሮፕላን ጥገና ሙያውን ይዞ ከአዲስ አበባ ሲወጣ የጀመረው ኪሰንዪ በሚባለው የድሃ ሰፈር፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ የኡጋንዳው ጦርነት ካደቀቃት ከተማ የተረፈ ሬዲዮ እየጠገነ ነበር። ኮምፒዩተር ወደ አገሩ መግባት ሲጀምር ማንም ሳይቀድመው መሃል ከተማ ናካሴሮ ላይ ቢሮ ከፈተ። መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ የሰዉን ማሽን ሲያቃጥልበት ጉልበቱን የሚያስተካክል ሣጥን በራሱ እጅ ሠራ፤ ሰዉ ስታቢላይዘር ይለዋል። ባንኩም ኤምባሲውም ገዛው። ካተረፈው ላይ ለየትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ከነሣጥኑ ይለግስ ነበር። ሰው ቢያመሰግነው፣ «የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው፤» ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ባለቤቱ ዳግማዊት ሳሎን ውስጥ ጥቁር ነጠላ ደርባ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ገንዘቤ ወንበሩን ትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትናንት የት ነበርሽ፣ እኅቴ?»

«አራስ ጥየቃ። ምሳ በልቶ ወርክሾፑ ገባ፤ ትቼው ወጣሁ። ሲመሻሽ ተመለስኩ።» ዓይኗ ደርቋል። «ለሰው ልጅ ሁሉ ጊዜ ነበረው፤ ለእኔ አልነበረውም። ስወጣ እንኳ ቻው አላልኩትም።»

«ስታገኚው እንዴት ነበር?»

«በእጅ ባትሪ አየሁት። በባትሪው ክብ ውስጥ መጀመሪያ ጫማው ታየኝ።»

«ባትሪ ለምን ያዝሽ? ቤቱ ውስጥ መብራት አልነበረም?»

«ቤቱማ ነበረው። ሙየንጋ ሰፈሩ ሙሉ ትናንት ከረፋዱ ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ዛሬ ሲነጋ፣ ፖሊሶቹ ሊደርሱ ሲሉ ነው የመጣው። ዘበኛው ለፍሪጁ ብሎ ጄኔሬተሩን አስነሥቷል። ወርክሾፑ ግን ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም።»

«ያ የተቃጠለ ሣጥን ከየት መጣ?»

«እንጃ። ቅዳሜ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣው። የደንበኛ ዕቃ ነው፣ ለማንም እንዳታሳዪ አለኝ። እኔም ፈትቼ አላየሁትም።»

ዘበኛው ያለው አጭር ነው። ከምሳ በኋላ ሁለት መኪና ገብቷል፤ የሁለት የድርጅቱ ሰዎች፣ የአቶ ወንድይፍራውና የነጻነት። እሱ ጓሮ ጄኔሬተሩ ጋ ስለነበር ማን ቀድሞ እንደወጣ አላየም፤ በጩኸቱም ምንም አልሰማም።

ወንድይፍራው የሟቹ ሸሪክ ነው፤ ሣጥኖቹ የሚሠሩበት ፋብሪካ ኃላፊ፣ ትከሻ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር ሲጋራውን ሳይለኩስ በጣቶቹ ያዞራል።

«ተጣልተናል፤ አልደብቅም፤» አለ። «ድርጅቱን ለውጭ ሰዎች እንሽጥ አልኩት። አሻፈረኝ አለ። ወርክሾፑ በር ላይ ቆመን ነው የተነጋገርነው። ‹ነገ የምናገረውን ስትሰማ የሚገዛህ አታገኝም› ብሎኝ ፊቱን አዞረ። እኔም በንዴት ወጣሁ።»

«ምን ሊናገር ነበር?»

«አልነገረኝም። ዛሬ በቅርቡ ማደሪያው ለተቃጠለው የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ ኮምፒዩተር የምናስረክብበት ቀን ነበር። ወላጆች ፊት ንግግር ያደርጋል።»

«የጄኔሬተሩን መስመር ማን ዘረጋው?»

«እኔ በገዛ እጄ። ለምን?»

«ወርክሾፑን ለምን ዘለሉት?»

«እሱ ከልክሎኝ ነው። የጄኔሬተር መብራት ይዋዥቃል፣ መመርመሪያዬን ያበላሽብኛል ይል ነበር።»

«ሣጥናችሁ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባስ ምን ማለት ነው?»

ወንድይፍራው ግንባሩን ቋጠረ። «ፍተሻ ወድቋል ማለት ነው። ይግላል፤ እሳት ያመጣል። ከመጋዘን አይወጣም። ቁልፉ ያለው እኔና ነጻነት ጋ ነው፤ እሷ ለእርዳታው የሚሄደውን ዕቃ ስለምታወጣ።»

ነጻነት ወጥ ቤት ውስጥ ለለቀስተኛው ሻይ ታቀርባለች። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። ልጅ ሳለች ወላጆቿን በስደት መንገድ ላይ አጥታ ኪሰንዪ የቀረች ናት፤ ፀጋዘአብ አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አበቃት፣ በኋላም የልግስናውን ሥራ በሙሉ አስረከባት። የትምህርት ቤቶቹን ስም እንደ ልጆቿ ስም ትጠራለች።

«ለንግግሩ ያዘጋጀሁትን ሳሳየው አመሰገነኝ፤ ከዚያ ሄድኩ፤» አለች። «ደኅና ነበር፣ ወይዘሮ ገንዘቤ። ሥራ ይዞ ነበር።»

«አቶ ወንድይፍራውን አየሽው?»

«መኪናው ቆሞ ነበር። እሱን አላየሁትም።» ብርጭቆ ይዛ ቆመች። «ጋሼ እንዲህ መሞቱ ነው የሚያንገበግበኝ። የስንቱን መብራት ያስተካከለ ሰው! ለዚያውም ከማደሪያው ባመጣው ሣጥን!»

ገንዘቤ አንገቷን ነቀነቀች፣ ሻይዋንም ተቀብላ ጠጣች። ሻዩ ጣፋጭ ነበር፤ ሆኖም ሳትጨርሰው ብርጭቆውን መለሰች። ልጅቷን ከመጀመሪያው ወዳታለች።

ወደ ግቢው ወጥታ ሴማንዳን ጠየቀችው። «የዚያ ትምህርት ቤት እሳት ከምን ተነሣ ተባለ?»

«ከሻማ። ሞግዚቷ ናሉቤጋ ሻማ ትታ ተኝታ ነው ተብሎ ታስራለች። አራት ልጆች አልቀዋል።»

«ኮምፒዩተሮቹ የት ነበሩ?»

ሴማንዳ አሰበ። «ከማደሪያው ሥር ባለው ክፍል።»

«ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ።»

ለቀስተኛው ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ቀርቶ በሩ ተዘጋ። ዳግማዊት ከወለሉ አልተነሣችም። ወንድይፍራው መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። ነጻነት ሶፋው ጠርዝ ላይ እጆቿን አቆላልፋ ተቀመጠች። ሴማንዳ በሩ ላይ ሆነ፤ የሚባለውን ገንዘቤ እየተረጎመችለት።

«ኢንጂነር ፀጋዘአብን ኤሌክትሪክ አልገደለውም፤» አለች ገንዘቤ። «መዳፉ አልተቃጠለም። የጠረጴዛው ጠርዝም ደም የለበትም። ከኋላው በትራንስፎርመር ብረት የመታው ሰው ብረቱን ጠርጎ ቦታው መለሰው፤ ሽቦውን ላጠ፣ እጁ ውስጥ አስጨበጠው፣ መሰኪያውን ሰካ። ጠዋት ስንገባ መብራት መጥቶ ስለነበር ሁላችንም አመንን።»

«ታዲያ?» አለ ወንድይፍራው።

«ታዲያ ትናንት ከሰዓት በዚያ ሶኬት ውስጥ ምንም አልነበረም። ሰፈሩ መብራት የለውም፣ ጄኔሬተሩም ወርክሾፑን አይነካም። ይህን ዳግማዊት ታውቃለች፤ ባትሪ ይዛ የገባችው ለዚህ ነው። እርስዎም ያውቃሉ፤ የዘረጉት እርስዎ ነዎት። ሁለታችሁም ብትገድሉት በሌለ ኤሌክትሪክ ሞተ ብላችሁ አትዋሹም። ይህን ውሸት የሚመርጠው ጄኔሬተሩ ሲጮህ ሰምቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ አምፖል በርቶ አይቶ፣ ወርክሾፑም እንደዚያው የመሰለው ሰው ነው። በቀን ብርሃን አምፖል ማብራት ስላላስፈለገው አልጠረጠረም።»

ነጻነት ቀና አላለችም።

«ሣጥኑ ደግሞ አለ። ዳግማዊት የደንበኛ ዕቃ መስሏታል። አቶ ወንድይፍራው ከበሩ አላለፉም። ከማደሪያው መምጣቱን ለፖሊስ እንኳ የነገረ የለም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለእኔ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ከጥላሸቱ ሥር ቀይ ቀለም አለ። ከመጋዘን ያወጣው ቁልፍ ያለው ሰው ነው።»

ከውጭ የለቀስተኞቹ ሙሾ ይሰማል።

«መጥፎ አላሰብኩም፤» አለች ነጻነት በመጨረሻ። «ትምህርት ቤቶቹ ይለምኑኛል፤ ደኅናውን ሣጥን ደግሞ አቶ ወንድይፍራው ለሽያጭ ነው ብለው ይከለክሉኛል። መጋዘን ከሚበሰብስ ብዬ ቀዩን እየፋቅሁ ላክሁት። ትንሽ ጉድለት መሰለኝ።»

«እሳት ያመጣል ብዬሽ ነበር!» ወንድይፍራው ጮኸ።

«ሰው ያልቃል አላሉኝም!» አለቀሰች። «ትናንት ጋሼ ሣጥኑን ገልጦ አሳየኝ። ነገርኩት። እሱም አብሮኝ አለቀሰ። ‹ነገ ወላጆቹ ፊት ቆመን አብረን እንናገራለን፤ ያቺ ሴት ያለ ጥፋቷ ታስራለች› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ይቀራሉ፣ እኔንም ኪሰንዪ ከወጣሁበት ይመልሱኛል አልኩት። ‹እንቢ፣ ልጄ› ብሎ ወደ ሣጥኑ ዞረ። ከዚያ… ብረቱ እጄ ላይ ነበር።»

ዳግማዊት ከወለሉ ተነሣች። ነጻነት ፊት ቆማ አየቻት፤ የምትመታት መስሎት ሴማንዳ አንድ እርምጃ ቀረበ። እሷ ግን እጇን አላነሣችም።

«እኔ ያላገኘሁትን ጊዜ ለአንቺ ሰጥቶ ነበር፤» አለች። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ፖሊሶቹ ነጻነትን ይዘው በጓሮ በር ወጡ።

«ይህ ከተሰማ ድርጅቱ አበቃለት፤» አለ ወንድይፍራው ወንበር ላይ ተዘርግቶ። «የሰው እንጀራ አለበት።»

«ሣጥኖቹ ስንት ትምህርት ቤት ተሰክተው ይሆን?» አለች ዳግማዊት።

ወንድይፍራው በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ተወው።

«እንግዲያው መኪና አስነሣ። ዛሬውኑ እንሰብስብ።»

«ቀብሩስ?»

«እሱ ነገ ይቀበራል። ልጆቹ ግን ዛሬም ከሣጥኖቹ ጋር ያድራሉ።»

በዚያ ቀን ሰው እንደ ጉድ አወራ፤ ባሏ ሳይቀበር በየትምህርት ቤቱ ዞረች ተባለ። ለርክክቡ የተጠሩት ወላጆች በተቃጠለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰብስበው ሲጠብቁም ገብታ፣ በተሰበረ እንግሊዝኛ፣ ባሏ ሊናገር የነበረውን ተናገረች። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዱ አባት ተነሥቶ ረገማት። ቆማ ሰማችው። ድርጅቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ ወንድይፍራውም ወደ ናይሮቢ ሄደ።

ናሉቤጋ ከእስር የተፈታችው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዳግማዊትና ገንዘቤ እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቋት። ቀጭን፣ ረዥም ሴት ናት፤ ንብረቷን በላስቲክ ከረጢት ይዛ ወጣች። ዳግማዊት ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ቀደመቻት።

«አንቺ የመሐንዲሱ ሚስት ነሽ?»

«አዎ።»

«ከመሞቱ ቀደም ብሎ እዚህ መጥቶ ነበር። ‹ጥፋቱ የእኔ ሣጥን ነው፤ ሰኞ አስፈትቼሽ እመለሳለሁ› አለኝ። ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም።» ከረጢቷን ወደ ሌላኛው እጇ አዞረች። «እንደ ሌሎቹ ሀብታሞች ነው ብዬ ጠላሁት። መሞቱን የነገረኝ አልነበረም።»

ዳግማዊት ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መንገደኛ እያየ፣ ጮኻ አለቀሰች።